ሜዲስን ለመግባት ማመልከቻው የሚጻፈው መቼ ነው?

የ12ኛ ክፍል ውጤት በተለቀቀ ቁጥር ጎንደር ውስጥ አንድ ጥያቄ ከቤት ቤት ይዞራል። «ይሄ ውጤት ሜዲስን ያስገባል?» ፒያሳም፣ ማራኪም፣ አዘዞም ጥያቄው ያው ነው። ጠያቂው አንዳንዴ ራሱ ተማሪው ነው። ብዙ ጊዜ ግን እናት፣ አጎት ወይም ታላቅ እህት ናት።

አጭሩ መልስ ይህ ነው፦ የ12ኛ ክፍል ውጤት ብቻውን ዩኒቨርሲቲ እንጂ ሜዲስን አያስገባም። ሜዲስን የሚለየው ከዚያ በኋላ ነው፤ እውነተኛው ማመልከቻ የሚጻፈው በዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያ ዓመት ውጤት ነው። ይህን ባለማወቅ ጎበዝ ልጆች፣ «ሰቃይ» የሚባሉት ሳይቀሩ፣ «አሁንማ አለፍኩ» ብለው የመጀመሪያውን ሴሚስተር ዘና ብለው ያሳልፉታል። በእኔ እምነት ብዙ ሰው ቦታውን የሚያጣው እዚህ ላይ ነው። ማንም ቀድሞ ሳይነግራቸው መቅረቱ ያሳዝነኛል። ስለዚህ መንገዱን ከመነሻው እንየው።

ማነው የሚመርጠው?

ምደባው ሁለት ጊዜ ነው። መጀመሪያ ትምህርት ሚኒስቴር ተማሪውን ዩኒቨርሲቲ ይመድባል። የሚያየው የብሔራዊ ፈተናውን ውጤትና ተማሪው የሞላውን የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ነው። ቀጥሎ ዩኒቨርሲቲው የራሱን ተማሪዎች አወዳድሮ ወደ ዲፓርትመንት ይደለድላል። የሜዲስን ወንበር ያለው በዚህ በሁለተኛው ውድድር ውስጥ ነው።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ከ12ኛ ክፍል በቀጥታ «ሜዲስን፣ ጎንደር» ተብሎ መመደብ ነበረ። አጎትና አክስት ዛሬም የሚመክሩት በዚያው ልማድ ነው። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ግን የፍሬሽማን ዓመት ተመልሷል። አዲስ ገቢ ሁሉ መጀመሪያ የጋራ ኮርሶችን ይወስዳል። ዲፓርትመንት የሚመርጠው ከዚያ በኋላ ነው። አንዳንዱ ጋ ከመጀመሪያው ሴሚስተር ቀጥሎ፣ ሌላው ጋ ዓመቱ ሲያልቅ።

ዩኒቨርሲቲዎች ለሜዲስን ሲያወዳድሩ ብዙውን ጊዜ የሚደምሩት የፍሬሽማን ጂፒኤን (አማካይ ውጤትን)፣ የ12ኛ ክፍል ውጤትንና፣ ካለ፣ ራሳቸው የሚሰጡትን የመግቢያ ፈተና ነው። የየአንዳንዱ ድርሻ ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ ይለያያል። ከዓመት ዓመትም ይለወጣል። የአምናው ልጅ «ይህን ያህል ከመቶ ነው» ቢላችሁ ሰምታችሁ እለፉት። ማንበብ ያለባችሁ የሬጅስትራሩን፣ ማለትም የዩኒቨርሲቲውን የተማሪዎች ምዝገባ ክፍል፣ የዘንድሮ ማስታወቂያ ነው። ለሴቶች፣ ለአካል ጉዳተኞችና ከታዳጊ ክልሎች ለሚመጡ ተማሪዎች የሚሰጥ ድጋፍ ካለም እዚያው ላይ ይጻፋል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ ገና ሲቀበል የራሱን ፈተና ይሰጣል። እዚያ ለመግባት የሚያስብ የጎንደር ልጅ ይህን ከአሁኑ ይወቅ።

ቦታው ለምን ጥቂት ሆነ ለሚለው፣ ምክንያቱ የመማሪያ ክፍል ማነስ ብቻ አይደለም። የሜዲስን ተማሪ ከአጋማሽ በኋላ የሚማረው ሆስፒታል ውስጥ፣ በታካሚ አልጋ ዙሪያ ቆሞ ነው። አንድን ታካሚ ሠላሳ ተማሪ እየተቀባበለ ሊመረምረው አይችልም። ስለዚህ የወንበሩን ቁጥር የሚወስነው የአልጋውና የአስተማሪ ሐኪሙ ቁጥር ነው።

50 በመቶ ካልመጣስ?

ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ግማሽና ከዚያ በላይ የሚያመጣው ተማሪ ጥቂት ነው። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት 3.3 በመቶው፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶው ብቻ ነበሩ ያለፉት። በ2016 ወደ 5.4፣ በ2017 ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብሏል። በእኛ አካባቢ ደግሞ ሌላ ሸክም አለ። ባለፉት ዓመታት በአማራ ክልል በነበረው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። መጽሐፍ ሳይጨርሱ ለፈተና የተቀመጡ ልጆች አሉ። ውጤታቸው ዝቅ ያለው ሰነፎች ስለሆኑ አይደለም።

ከ50 በመቶ በታች ሆነው በየዓመቱ የሚወሰነውን የመቁረጫ ነጥብ ያሟሉ ተማሪዎች ሬሜዲያል ይገባሉ። ሬሜዲያል ማለት ከ12ኛ ክፍልና ከፍሬሽማን መሀል ያለ የማካካሻ ትምህርት ነው። ያንን ያለፈ ፍሬሽማን ይሆናል። «ሬሜዲያል የገባ ሜዲስን አለቀበት» የሚል ወሬ ትሰማላችሁ። ያለፈ ተማሪ የፍሬሽማን ጂፒኤውን የሚሠራው እንደ ማንም ነው። እርግጥ የ12ኛ ክፍል ውጤት በሚደመርበት ቦታ ዝቅ ብሎ ይጀምራል። ያንን መሙላት የሚችለው በጂፒኤውና በመግቢያ ፈተናው ነው።

ፍሬሽማን ላይ የሚቆጠረው የትኛው ትምህርት ነው?

እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንቆይ፤ የነገሩ ልብ ይህ ነውና።

አዲስ ተማሪ ሜዲስን እፈልጋለሁ ሲል ሐሳቡ ወደ ባዮሎጂ ይሮጣል። ግን በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ባዮሎጂና ኬሚስትሪ የሚመጡት በሁለተኛው ሴሚስተር ነው። በመጀመሪያው የሚጠብቃችሁ ፊዚክስ፣ ሒሳብ፣ ሳይኮሎጂ፣ እንግሊዝኛ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ እንዲሁም ክሪቲካል ቲንኪንግ፣ ተማሪው «ሎጂክ» የሚለው፣ ነው። ምደባው ከመጀመሪያው ሴሚስተር በኋላ በሚካሄድበት ቦታ ሐኪም ለመሆን የምትወዳደሩት ባዮሎጂ በሌለበት ውጤት ነው።

አሁን ወደ ስሌቱ። ጂፒኤ ማለት የኮርሶቻችሁ ውጤት አማካይ ነው፤ እያንዳንዱ ኮርስ ባለው ክሬዲት ተባዝቶ። ኤ 4 ነጥብ ነው፤ ቢ 3 ነው። ስድስት ባለ ሦስት ክሬዲት ኮርሶች አሉ እንበል። አንዷ ተማሪ «ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው» ብላ በፊዚክስና በሒሳብ ኤ አመጣች። በቀሩት አራቱ ቢ ሆነች። ጂፒኤዋ 3.33 ነው። ሌላዋ በፊዚክስና በሒሳብ ቢ አመጣች፤ ሳይኮሎጂ፣ እንግሊዝኛ፣ ጂኦግራፊና ሎጂክ ላይ ግን ኤ ሠራች። የእሷ 3.67 ነው። በጂፒኤ ውድድር የምትቀድመው ሁለተኛዋ ናት።

እነዚህ ኮርሶች እንደ እቁብተኛ ናቸው። ሀብታሙም ድሃውም የሚጥለው እኩል ነው፤ እጣውም እኩል ነው። ፊዚክስ ስለከበደ አይበልጥም። ጂኦግራፊ ስለቀለለ አያንስም።

በቅናሽ የሚገኝ ውጤት ካለ ያለው «ቀላል» በሚባሉት ኮርሶች ላይ ነው። ሆኖም ብዙ ተማሪ ጂኦግራፊን ለፈተና ዋዜማ ያቆየዋል። ሎጂክን በሽምደዳ ሊያልፍ ይሞክራል፤ ሎጂክ ደግሞ ሽምደዳ አይወድም። ምሳሌውን ሲቀይሩበት ይጠፋበታል። ያለፉት ዓመታት ጥያቄዎች የተሰበሰቡበት ሺት ጠቃሚ ነው። ግን ኮርሱን ካነበቡ በኋላ ራስን ለመፈተኛ እንጂ በኮርሱ ፋንታ አይደለም።

ሌላው የሚረሳው የነጥቡ ትልቅ ክፍል የሚሰበሰበው ከፋይናል በፊት መሆኑ ነው። ቴስት፣ ኩዊዝ፣ አሳይመንት፣ ሚድ። ዶርም፣ ምግብ፣ አዲስ ጓደኛ፣ የቤት ናፍቆት ገና ባልረጋበት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የጠፋ ነጥብ በፋይናል አይመለስም። ውጤት ሲለጠፍም ተመልከቱ። የተሳሳተ ድምር ካለ ቅሬታ የሚቀርብበት ጊዜ አጭር ነው። አፍሮ ዝም ያለ ተማሪ የራሱን ነጥብ ጥሎ ይሄዳል።

እንግሊዝኛን ለብቻው ላንሳ። የሜዲስን ትምህርት ሙሉ በሙሉ በእንግሊዝኛ ነው። ፍሬሽማን ላይ የሚሰጠው የእንግሊዝኛ ኮርስ ለጂፒኤ ብቻ አይደለም። ወፍራም የአናቶሚ መጽሐፍ በሳምንት ብዙ ምዕራፍ ማንበብ ሲመጣ እዚህ ያጠራቀማችሁት ፍጥነት ያድናችኋል። ክረምቱ በእጃችሁ ያለ ተማሪዎች፣ በቀን ጥቂት ገጽ እንግሊዝኛ ማንበብ ከየትኛውም ማጠናከሪያ ትምህርት ይበልጣል ባይ ነኝ።

ዩኒቨርሲቲ ስመርጥ ምን ልይ?

ሁሉም ዩኒቨርሲቲ ሜዲስን የለውም። ይህን ሳያጣሩ ምርጫ ሞልተው እዚያ ከደረሱ በኋላ የሚደነግጡ አሉ። ለጎንደር ልጅ ቅርብ ከሆኑት ውስጥ ጎንደር፣ ባሕር ዳርና ደብረ ታቦር ሜዲስን ያስተምራሉ። ስም ያለው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ውድድሩም ይጠነክራል፤ ሰቃዩ ሁሉ እዚያ ይሞላልና። ዲግሪው ግን ያው ነው። የመውጫ ፈተናውም የሙያ ፈቃድ ፈተናውም አገር አቀፍ ነው።

የዲፓርትመንት ፎርሙን እንዴት ልሙላ?

በእውነት በምትፈልጉት ቅደም ተከተል። ሜዲስን አንደኛ ከሆነ አንደኛ ጻፉት። ከሱ በታች ያሉትን ግን በግዴለሽነት አትሙሉ። ሜዲስን ያልደረሰው ተማሪ ሕይወት የሚወሰነው በሁለተኛውና በሦስተኛው መስመር ነው። ፋርማሲ ከጤና መኮንን፣ ሚድዋይፈሪ ከላቦራቶሪ፣ አኔስቴዥያ ከነርሲንግ ምን እንደሚለይ የሚማሩትን ሄዳችሁ ጠይቁ። ጎንደር ላይ ኦፕቶሜትሪና ፊዚዮቴራፒም አሉ፤ ብዙ ተማሪ ስማቸውን የሚያውቀው ፎርሙ ላይ ሲያይ ነው።

«ሰው ካለህ ይስተካከላል» የሚል ሰው ይመጣል። በገንዘብ ሜዲስን አስገባለሁ የሚል ደላላ አትመኑ። ከየቤቱ የሚበላው የወላጅ ላብ ነው። ሲጠፋ ከሶ የሚያስመልስ የለም።

ሜዲስን ለእኔ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ይህን ጥያቄ ፎርም ከመሙላት በፊት ለራስ መመለስ ያስፈልጋል። ብዙ ልጅ ሜዲስን የሚገባው ውጤቱ ስላስገባው ነው፤ ወይም ቤተሰብ «ዶክተር ልጄ» ማለት ስለለመደ። የቤተሰብ ተስፋ ክፉ አይደለም። ግን ሌሊት ዲዩቲ ላይ የሚቆመው ልጁ ነው።

ከፍሬሽማን በኋላ ሁለት የፕሪ ክሊኒካል ዓመታት አሉ፤ ተማሪዎቹ ፒሲ ዋን፣ ፒሲ ቱ ይሏቸዋል። አናቶሚ፣ ፊዚዮሎጂ፣ ፓቶሎጂ፣ ፋርማኮሎጂ የሚመጡት ያኔ ነው። ቀጥሎ ክሊኒካል ዓመታት፣ ሲ ዋንና ሲ ቱ፣ ዋርድ ውስጥ ያልፋሉ። በመጨረሻ ኢንተርን መሆን አለ። ኢንተርን ገና እየተማረ ያለ ነው፤ ሥራው ግን የሐኪም ነው። ከተመረቁ በኋላም ነገሩ ቀላል አይደለም። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ስለ ደመወዝና ስለ ሥራ ሁኔታ ያነሱት ጥያቄ በመላ አገሪቱ ተሰምቷል። ሜዲስን የሚመርጥ ተማሪ ይህንንም አውቆ ይግባ። ላስፈራራችሁ አይደለም፤ ለገንዘብ ብቻ የሚገባ ሰው ቶሎ ይሰለቻል።

ራስን መፈተሻው ቅርብ ነው። አገራችን ውስጥ ሆስፒታል የተኛ ሰው ሁሉ አስታማሚ አለው። ካርድ የሚያወጣው፣ ለምርመራ የሚሰለፈው፣ መድኃኒት ፍለጋ ከፋርማሲ ፋርማሲ የሚዞረው አስታማሚው ነው። ብዙዎቻችሁ አያት ወይም እናት አስታማችኋል። ያኔ ምን ተሰማችሁ? ሽታውና ደሙ ብቻ ነበር የከበዳችሁ? ወይስ ሐኪሙ ለምን እንደዚያ እንዳዘዘ ማወቅ አማራችሁ? ከዚህ ሌላ የትምህርት ቤት የጤና ክበብ አለ፣ የቀይ መስቀል የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና አለ፣ ቀበሌያችሁ ውስጥ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አለች። ከእሷ ጋር አንድ ቀን ቤት ለቤት መዞር ብዙ ያስተምራል። ዋርድ ውስጥ ግን ያለ ፈቃድ አትግቡ። ታካሚ መታያ አይደለም።

ገንዘቡስ?

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪው የወጪ መጋራት ውል ይፈርማል። ከተመረቀ በኋላ ከደመወዙ እየተቆረጠ ይከፍላል። የግል ሜዲካል ኮሌጅ ክፍያው ከባድ ነው። ከመመዝገብ በፊት ኮሌጁ ለሜዲስን፣ ለዚያው ቅርንጫፍና ለዚያው ዓመት፣ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የጸና ፈቃድ እንዳለው አረጋግጡ። ለነርሲንግ ያለው ፈቃድ ለሜዲስን አይሠራም። ተማሪዎቹን የትኛው ሆስፒታል ውስጥ እንደሚያስተምርም ጠይቁ።

ውጭ አገር ማመልከት ብፈልግስ?

እዚያ የምትጽፉት ማመልከቻ ራሱ ይናገራል። አሠራሩ ግን እንደ አገሩ ይለያያል።

አሜሪካ ሜዲስን ከ12ኛ ክፍል በቀጥታ አይገባም። መጀመሪያ የአራት ዓመት ዲግሪ ይያዛል፤ ከዚያ ኤምካት የሚባለው ፈተና ይመጣል። ውጤቱ ከ472 እስከ 528 ነው። አብዛኛው ማመልከቻ የሚያልፍበት ሥርዓት የግል መግለጫውን በ5,300 ፊደላት ይገድበዋል፤ ክፍት ቦታው ጭምር ይቆጠራል። የመኖሪያ ፈቃድ የሌለውን የውጭ ተማሪ የማይቀበሉ ትምህርት ቤቶችም ብዙ ናቸው። ብሪታንያ በቀጥታ ይገባል፤ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎችም ዩካት የሚባል ፈተና ይፈልጋሉ። ቱርክ የመንግሥቱ ስኮላርሺፕ አለ። ለማመልከት ገንዘብ አይከፈልም። ለሜዲስን ግን ቢያንስ 90 በመቶ ውጤት ይጠይቃል፤ ለመጀመሪያ ዲግሪ አመልካቹ ከ21 ዓመት በታች መሆን አለበት።

የግል መግለጫው ላይ ልጆቻችን የሚሳሳቱት አንድ ዓይነት ነው። «ከልጅነቴ ጀምሮ ሐኪም የመሆን ሕልም ነበረኝ። ወገኔን ማገልገል እፈልጋለሁ።» ይህ ውሸት አይደለም፤ ግን ማንም ሊጽፈው ይችላል። አንባቢው የሚፈልገው አንድ ያያችሁትን ነገር፣ ያደረጋችሁትንና የተረዳችሁትን ነው። ለምሳሌ አያቱን ያስታመመ ልጅ እንዲህ ሊጽፍ ይችላል፦ «የታዘዘውን መድኃኒት ሦስት ፋርማሲ አጣሁት። አራተኛዋ ፋርማሲስት በሌላ ስም የሚሸጥ ያው መድኃኒት መሆኑን አሳየችኝ። ስሙና ይዘቱ የተለያዩ መሆናቸውን ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ማታ አያቴ የምትወስዳቸውን መድኃኒቶች ሁሉ ጻፍኩ፤ ሁለቱ አንድ ሆነው አገኘኋቸው። ጠዋት ለሐኪሟ አሳየሁ።» ይህ ልጅ «ጠንቃቃ ነኝ» አላለም። አንባቢው ራሱ አየው። ትምህርቱ በግጭት የተቋረጠበት ተማሪም አይደብቀው። መቼ እንደቆመ፣ በዚያ ጊዜ ምን እንዳደረገ፣ እንዴት እንደቀጠለ በጥቂት ዓረፍተ ነገር ይጻፍ።

የድጋፍ ደብዳቤ ላይ ደግሞ ልማዳችን ይጎዳናል። እኛ ጋ ደብዳቤ የሚከብደው በማህተሙ ነው። ስለዚህ ተማሪው ወደ ርዕሰ መምህሩ ይሄዳል። ርዕሰ መምህሩ ደግ ሰው ናቸው፤ ግን ልጁን አያውቁትም። «ሥነ ምግባር ያለው ታታሪ ተማሪ ነው» ብለው ይፈርማሉ። የሚጠቅመው ላቦራቶሪ ውስጥ ያያችሁ የኬሚስትሪ መምህር ደብዳቤ ነው። ቀደም ብላችሁ ጠይቋቸው። ውጤታችሁንና የሠራችሁትን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ስጧቸው፤ እንዲያስታውሱ ይረዳቸዋል።

ሁለት ነገር ከመሄድ በፊት ይጣራ። ትምህርት ቤቱ በዓለም አቀፉ የሜዲካል ትምህርት ቤቶች ማውጫ ውስጥ አለ ወይ? ስትመለሱ ዲግሪው አቻ ግምት ያገኛል ወይ? አቻ ግምት ማለት የውጭው ዲግሪ ከአገር ውስጡ እኩል መሆኑ የሚረጋገጥበት ሥርዓት ነው፤ የሚሠራው ትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። ሰነድ ማረጋገጥም ሳምንታት ይወስዳል። ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት አካባቢ ያለ አመልካች የመጨረሻውን ቀን አይጠብቅ።

ሜዲስን ባይደርሰኝስ?

ያማል። ጥሩ ውጤት ይዞ በጥቂት ነጥብ መቅረት የእውነት ያማል፤ ወላጆች «ምን ችግር አለው» ብላችሁ አትለፉት።

ግን የጎንደርን ታሪክ እናስታውስ። በ1953 እ.ኤ.አ. በደንቢያ ሜዳ ከባድ የወባ ወረርሽኝ ገባ። በተከታዩ ዓመት፣ በ1954፣ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ያሠለጠነው ሐኪሞችን አልነበረም። የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን ነበር፤ አንድ ላይ በቡድን ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ እየላከ። ሜዲስን የተጨመረው ከሃያ አራት ዓመት በኋላ፣ በ1978 እ.ኤ.አ.፣ ከጀርመኑ የላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ነው። እስከዚያ ድረስ በብዙ የገጠር ወረዳ ሕመምተኛውን ሲያክም የኖረው ጤና መኮንኑ ነው።

ሁለተኛ በርም አለ። በ2004 ዓ.ም. የመጀመሪያ ዲግሪ ላላቸው ሰዎች የተዘጋጀ የሜዲስን መርሐ ግብር በ13 ተቋማት ተጀምሮ ነበር። በነርሲንግ፣ በጤና መኮንንነትና በሌሎች መስኮች የተመረቁ ብዙዎች በዚያ በኩል ሐኪም ሆነዋል። እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ሲወጣ የሚጠየቀው የመጀመሪያው ዲግሪ ትራንስክሪፕትና የመግቢያ ፈተና ነው። ስለዚህ ሚድዋይፈሪ ወይም ጤና መኮንን የደረሰው ተማሪ ከሁለተኛ ዓመት የመጀመሪያ ሴሚስተር ጀምሮ ጂፒኤውን ይጠብቅ፤ የባዮሎጂና የኬሚስትሪ ማስታወሻዎቹንም አይጣል።